ሠላሳ እንግዳ በጓሳ

ሲሀም ዓብዱረህማን ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ መርታ አታውቅም ነበር። የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቱሪዝም ተምራ ስትመለስ ከሱቃቸው አንዱን ጥግ ለቀቁላት፤ እሷም እዚያው ጠረጴዛና ኮምፒዩተር አስቀምጣ የጉዞ ወኪል ሆነች። የሚመጡላት እንግዶች ባልና ሚስት፣ ቢበዛ አራት ጓደኛሞች ነበሩ። ወፍ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የሚይዙት የአዲስ አበባ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው።

ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ሲትስከ የምትባል ሆላንዳዊት «ሠላሳ ሰው መያዝ ትችያለሽ?» ብላ ስትጽፍላት፣ ሲሀም ብዙም ሳታስብ «እችላለሁ» አለች።

ሲትስከ በሆላንድ ሰሜን ጫፍ ካለው ከፍሪስላንድ ናት፤ የአንድ የእግረኞች ማኅበር መሪ። አገሯ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ኮረብታ የሚባል ነገር የለም። እኛ የምንዝናናው በቡድን ነው ብላ ፎቶ ላከችላት፤ ሃምሳ ሰው በብስክሌት ተከታትሎ በቦይ ዳር ሲሄድ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሙሉ ባንድ ጀልባ ላይ የሸራ ገመድ ሲስቡ፣ ጎረምሶች በረጅም እንጨት ተንጠልጥለው ቦይ ሲሻገሩ። ሲሀምን ከሁሉም ያስገረማት ግን የባሕሩ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ ሲትስከ አርባ ሃምሳ ሰው አስከትላ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጣቸው፣ በባሕሩ ወለል ላይ በእግር እስከ ደሴት ታደርሳቸዋለች። ውሃው ሳይመለስ መድረስ አለባቸው።

«እንዲህ ያለ ነገር እናንተ ጋ አለ? ሁላችንም አብረን የምንሄድበት?» ስትል ጠየቀቻት።

ሲሀም ጓሳን አሰበች። ሸዋ ሮቢት ሆና ቀና ስትል ሁልጊዜ የምታየው ያ ግድግዳ የመሰለ ተራራ፣ አናቱ ላይ ሰፊ ሜዳ አለው። የመንዝ ሰው በራሱ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ሣሩ የሚታጨድበትም ከብት የሚገባበትም ጊዜ የተወሰነ ነው። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ አለ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል አለ። ቀኑን ሙሉ ቢራመዱበት አያልቅም። ለሠላሳ ሰው የሚበቃ ቦታ ካለ እሱ ነው አለች።

የጓሳው አስጎብኚ መኳንንት ግን ቁጥሩን በስልክ ሲሰማ ተቆጣ።

«ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ? ሠርግ ነው እንዴ? በሦስት ቀን ከፋፍለሽ አምጪያቸው።»

«መለያየት አይፈልጉም። አብረን እንሂድ ብለው ነው የመጡት።»

«እነሱ አገሩን አያውቁትም። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ በሦስት ረድፍ እንዲሄዱ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍም አንድ አስጎብኚ እንዲኖረው ተስማሙ፤ መኳንንት፣ የጓሳ ጠባቂ የሆኑት ጋሼ ወዳጆ፣ ሌላም አንድ የመሐል ሜዳ ከተማ ልጅ። በታኅሣሥ፣ እንግዶቹ ጓሳ ካምፕ አድረው ሊሄዱ በታሰበበት ቀን ጠዋት የመሐል ሜዳው ልጅ አጎቱ ሞተው ለቅሶ ሄደ። መኳንንት ጉዞው ለነገ ይዋል አለ። ሲሀም ደግሞ እንግዶቹ በማግስቱ አዲስ አበባ መድረስ እንዳለባቸው ታውቃለች፤ አውቶቡሱም፣ ሆቴሉም፣ አውሮፕላኑም የተያያዘ ነው።

«ሦስተኛውን ረድፍ እኔ እመራለሁ» አለች።

መኳንንት ቆቡን አውልቆ ራሱን አሻሸ፤ አልተከራከራትም። ለእንግዶቹ ስለዚህ ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ጠዋቱ ያማረ ነበር። በድንኳኖቹ ላይ አመዳይ ተጋግሮ አደረ፤ ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው በሙሉ እንደ ብርጭቆ አበራ። እንግዶቹ ረዣዥም ናቸው፤ አብዛኞቹ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ቢሆኑም በእግራቸው ይተማመናሉ። እየዘፈኑ ሄዱ። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ሣር ሲነጩ አገኟቸውና ሁሉም በሆዳቸው ተኝተው ፎቶ አነሱ። መኳንንት፣ እነዚህ እንስሳት ቀን ሜዳ ላይ ውለው ሲመሽ ወይም አየሩ ሲከፋባቸው ወደ ገደል እንደሚወርዱ፣ የሚያድሩትም እዚያው ገደል ግድግዳ ላይ እንደሆነ ነገራቸው። እንዲህ እያሉ ምሳ ሰዓት ላይ አፋፉ ጋ ደረሱ። ከእግራቸው በታች መሬቱ ያልቃል፤ ሩቅ ታች ቆላው ቡናማ ሆኖ ይታያል።

«የኔ ቤት ያ ነው» አለች ሲሀም በጣቷ እያሳየች። አጨበጨቡላት። ያን ሰዓት ደስ ብሏት ነበር።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሴት ራሷን አዞራትና አስታወካት። ከፍታው ነው። ጋሼ ወዳጆ ፈረሳቸው ላይ አስቀምጠዋት ወደ ካምፑ ተመለሱ። ቀሪው ሰው ወደ ካምፕ የሚመልሰውን መንገድ እንደያዘ፣ ጉሙ ከቆላ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጭስ በገደሉ አፍ ብቅ አለ። ሲሀም ቀና ብላ ወዲያው መለስ ስትል ከፊቷ ያለው ጅብራ ጠፍቶ ነበር። ብርዱ አብሮ መጣ።

መኳንንት ሁሉንም አስቁሞ ቆጠረ። ሁለት ሰው ጎደለ። ጭላዳዎቹን እንደገና ፎቶ ለማንሣት የቆሙ ባልና ሚስት ናቸው፤ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

«ሲሀም፣ ስሚኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚህ መንገዱ ገደሉን ዞሮ ነው የሚሄደው። እዚህ ጋ ገደሉ እንደ ጣት ወደ ሜዳው ገብቷል። እኔ እነሱን ይዤ እስክመጣ ማንም ከዚህ እንዳይነቃነቅ። ይቀመጡ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ወደ ኋላ ሲሮጥ ጉሙ ወዲያው ዋጠው።

ሃያ ሰባት ሰው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሲሀም ቆማ ቀረች። መጀመሪያ ይቀልዱ ነበር። ቆይቶ ቀልዱ ቆመ፤ ላብ የጠጣው ልብሳቸው ቀዘቀዘና መንቀጥቀጥ ጀመሩ። መኳንንትን ብትጠራ መልስ የለም። ስልኳ መስመር አልነበረውም።

ኦኖ የሚባል ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ተነሣ። ቁመቱ ዛፍ ነው። ስልኩን አውጥቶ ካርታ አሳያት።

«ካምፑ ይኸውና። በቀጥታ ብንሄድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እዚህ ተቀምጠን ሰው በብርድ ሊታመምብን ነው።»

«በቀጥታ አይኬድም። ገደል አለ» አለች ሲሀም።

«የቱ ጋ ነው ገደሉ? አሳዪኝ።»

ሲሀም ዙሪያዋን አየች። በሁሉም አቅጣጫ ያው ነጭ ነገር ነው። መንገዱን ከዚህ በፊት አራት አምስት ጊዜ ሄዳበታለች፤ ሁልጊዜ ግን በጠራ ቀን፣ ሁልጊዜም ከመኳንንት ኋላ። ጣቷን ልትቀስር እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው።

ኦኖ ይህን አየ። «አየሽ? አንቺም አታውቂውም» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም በትሕትና ነው ያለው። ከዚያ በቋንቋቸው ለሌሎቹ አንድ ነገር ተናገረ። ሲትስከ ጮክ ብላ መለሰችለት፤ ተጨቃጨቁ። ሰባት ሰዎች ተነሥተው ከኋላው ቆሙ። ሲሀም መንገዳቸው ላይ ገብታ ሁለት እጇን ዘርግታ «እባካችሁ» አለች። ኦኖ ትከሻዋን ነካ አድርጎ አለፋት፤ ሰባቱም ተከተሉት። ወዲያው አንዱም አይታይም፤ የጫማቸው ድምፅ ብቻ ሣሩ ላይ ጥቂት ተሰማና እሱም ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው ጭላዳዎቹ የጮኹት።

ብዙ ሆነው፣ ሲጣሉ እንደሚያደርጉት ጮኹ። ድምፁ ከሩቅ አልነበረም። ከታች ነው የመጣው፤ እነ ኦኖ በሄዱበት በኩል፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። አየሩ ሲከፋባቸው ወደ ገደል ይወርዳሉ ያለው የመኳንንት ቃል ለሲሀም ትዝ አላት።

«ያ ረቢ!» ብላ ልትሮጥ ስትል ሲትስከ ክንዷን ያዘቻት። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እጇ ግን እንደ ብረት ነው።

«ወዴት ነው?»

«ገደሉ እዚያ ነው! ዝንጀሮዎቹ ያሉት ገደሉ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ ወደዚያው እየሄዱ ነው፣ ይልቀቁኝ!»

«ብትሮጪ አንቺም ትገቢያለሽ። አሥር እርምጃ ከሄድሽ በኋላ እኛ የት እንዳለን ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

ሲትስከ ዞራ የተቀመጡትን ሰዎች አየች፤ ከእሷ ጋር አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከዚያ እንደ ወታደር አዛዥ ተናገረች፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡ።

«ባሕሩ ላይ ጉም ሲይዘን እንዲህ እናደርጋለን» አለቻት። «እኔ እዚህ እቆማለሁ፤ ከዚህ አልንቀሳቀስም። ሌላው ሁሉ ከእኔ ይጀምራል፤ እጅ ለእጅ ይያያዛል። ሻርፕ ወይም ጃኬት ያለው ደግሞ በእሱ ያስረዝመዋል። አንቺ ጫፉ ላይ ትሆኛለሽ። ሰው ባይኖረን ይህን አናደርገውም ነበር፤ ሰው ደግሞ አለን።»

እንዲህ ሆኖ ከሲትስከ እጅ ጀምሮ የሰው ገመድ ወደ ጉሙ ተዘረጋ። አንዱ እጁን ሙሉ ዘርግቶ የሌላውን ሻርፕ ጫፍ ይይዛል፣ ያኛውም እንዲሁ። ከሲሀም ቀጥሎ ፍራውከ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ሁለቱ በሲሀም የአንገት ልብስ ተያያዙ። ሲሀም ፀጉሯን የሸፈነችበትን ሌላውን ሻርፕ አጥብቃ አሰረችና ወደፊት ሄደች። አንድ እግሯን ታስቀድማለች፣ መሬቱን ትረግጣለች፣ ሌላውን ታስከትላለች። የጓሳ ሣር ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ በጉቦቹ መካከል እግር ይሰምጣል። ፊቷ ላይ ጉሙ ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

ከኋላዋ «ያዝ»፣ «ቀጥል» እየተባባሉ ድምፅ ያቀባብላሉ። ድምፁ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ ፍራውከ ቆመች። «አለቀ» አለች። «የኋለኞቹ ከዚህ በላይ መዘርጋት አይችሉም።»

ሲሀም አዳመጠች። ከፊት ለፊቷ በግራ በኩል የሰው ንግግር ሰማች። የኦኖ ድምፅ ነው፤ ቅርብ ነው። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ እየመታ ያመጣዋል። ከታች ወደ ላይ የሚመታ ነፋስ ከገደል አፍ የሚወጣ መሆኑ ገባት፤ ወዲያው ተንበረከከች።

«ቁሙ!» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች። ነፋሱ ድምፅዋን መልሶ አፏ ውስጥ ከተተው። ደግማ ጮኸች። ንግግሩ አልቆመም።

«በእናንተ ቋንቋ ባላችሁበት ቁሙ እንዴት ነው የሚባለው?» አለቻት ፍራውከን።

«ብላይፍ ስታን።»

«ለሁሉም ንገሪያቸው። ባንድ ላይ ይጩኹት!»

ቃሉ በገመዱ ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ እስከ ሲትስከ። ከዚያ የሲትስከ ድምፅ ከሩቅ «አንድ፣ ሁለት» ሲል ተሰማ፤ አሥራ ዘጠኙም ሲሀምም በአንድ ጉሮሮ ጮኹ።

«ብላይፍ ስታን!»

ንግግሩ ጸጥ አለ። ደግመው ጮኹ። ጸጥ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ድንጋይ ሲንሸራተት፣ ሰውም «ኦ!» ሲል ተሰማ፤ ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች።

ሲሀም የአንገት ልብሷን ለቀቀችው። ፍራውከ ወዲያው ወደቀችና ቁርጭምጭሚቷን ያዘቻት። «በሆድሽ!» አለቻት። ሁለቱም በሆዳቸው እየተሳቡ ሄዱ፤ ፍራውከ በአንድ እጇ የሲሀምን እግር፣ በሌላው የኋላውን ሰው ሻርፕ ይዛ። የሲሀም እጅ መጀመሪያ ጫማ ነካ። ሰባቱ ሰዎች እዚያ ቆመው ነበር፤ ተቃቅፈው፣ እንደ ሐውልት ደርቀው። ከፊት ያለው ሰው ጫማ ጫፉ አየር ላይ ነበር።

«ተቀመጡ። ቀስ ብላችሁ። አሁን ወደ እኔ በቂጣችሁ ተንሸራተቱ» አለች ሲሀም። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም፤ ረጋ ያለ ነበር። አንድ በአንድ ተንሸራተቱ፤ ፍራውከ እየተቀበለች ለኋለኛው አስተላለፈቻቸው።

ኦኖ አልነበረም።

«ኦኖ!»

«እዚህ ነኝ» አለ ከሥሯ። ብዙ አይርቅም፤ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ታች፣ የአስታ ቁጥቋጦ የበቀለበት ጠባብ ደረጃ ላይ ወድቋል። «እግሬ ተሰብሯል መሰለኝ። ካርታው ሜዳ ነው ይላል።»

«እንዳይነቃነቁ! ቁጥቋጦውን ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ከእርስዎ በታች ምንድን ነው?»

 «አላውቅም። ድንጋይ ለቅቄ ነበር፤ ሲወድቅ አልሰማሁም» አላት።

ሲሀም አፋፉ ላይ በሆዷ ተኝታ አነጋገረችው። እንዲያንቀላፋ አልፈለገችም። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ሠራው ድልድይ ጠየቀችው፤ ሲያቃስት ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ከኋላዋ ገመዱ አልተፈታም ነበር። ሲትስከ እያዘዘች በየጊዜው ያን ቃል ይጮኻሉ፤ አሁን የሚጮኹት መኳንንት እንዲሰማቸው ነው። ሲሀም በልቧ ዱዓ ታደርጋለች፤ የቃሎቹን መጨረሻ ግን እየረሳች ደጋግማ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

መኳንንት በድምፁ እየተመራ መጣ። የጠፉትን ባልና ሚስት ይዟቸዋል። ገመዱን ሲያገኝ በሰዎቹ እጅ ላይ እጁን እያሻሸ እስከ ጫፉ ደረሰና ከሲሀም ጎን በሆዱ ተኛ። ወደ ታች ተጣርቶ የኦኖን መልስ ሰማ። እሷን አላያትም።

«ስንት ሰው ነው ታች?»

«አንድ።»

«እግዜር ይመስገን» አለ፤ ከካምፑ ሰው ሊጠራም ተነሥቶ ሄደ።

ጋሼ ወዳጆ ከመኳንንትና ከሦስት ጎልማሶች ጋር የፈረስ ጭነት ማሰሪያ ጠፍር ይዘው እስኪመጡ ጉሙ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ጠፍሩን ቀጣጥለው መኳንንት ወገቡ ላይ አሰረና ወረደ። ኦኖን በጋቢ ጠቅልሎ አሰረው፤ ላይ ያሉት ሁሉ፣ እንግዶቹም ጭምር፣ ጠፍሩን ይዘው ሳቡ። ኦኖ እየጮኸ ወጣ። ልክ መኳንንትን ስበው እንዳወጡት ጉሙ ተገለጠ፤ ሁሉም ሰው የቆመበትን አየ።  አንዷ ሴት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከአስታው ደረጃ በታች ጭላዳዎቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ ከነሱ በታች ደግሞ ሌላ ጉም፣ ከዚያ በታች ምንም አልነበረም።

ኦኖን በቃሬዛ ተሸክመው ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው ጋ አደረሱት፤ በዚያው ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰደ። ፍራውከ አብራው ሄደች። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ በኋላ ድኖ በምርኩዝ መሄድ እንደ ጀመረ ሲትስከ ጽፋላታለች።

በዚያ ምሽት ግን ሲትስከ አልጻፈችላትም፤ ፊት ለፊቷ ቆማ ነው የጠየቀቻት።

«ሦስት አስጎብኚ ይኖራል ብለሽኝ ነበር። ጠዋት ሁለት አየሁ። ለምን አልነገርሽኝም?»

ሲሀም ብዙ መልስ ነበራት። ለቅሶው፣ አውሮፕላኑ፣ አውቶቡሱ። «እንቀራለን እንዳትሉ ፈርቼ ነው» አለች።

«እንቀር ነበር» አለች ሲትስከ። «ተቆጥተን፣ አጉረምርመን እንቀር ነበር። እዚሁ ተቀምጠን ሾርባችንን እንጠጣ ነበር።» ከዚያ የሲሀምን እጅ ጨበጥ አድርጋ ወደ ድንኳኗ ገባች።

በማግስቱ እንግዶቹ በአውቶቡስ ሲሸኙ ሲሀም አልሄደችም፤ ጓሳን የሚያስተዳድረው የአገሬው ኮሚቴ አስጠርቷታል። ሽማግሌዎቹ በጥበቃው ቤት ደጃፍ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዳኜ መኳንንትን አስቀድመው ጠየቁ፤ እሱም የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። እሱም ጉዞውን ማስቀረት ሲችል እንዳላስቀረ አልደበቀም።

«አንቺስ ልጄ?» አሏት።

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ለነገ ይዋል ሲለኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተነጋገሩና ተመለሱ። ከእንግዲህ ወደ ጓሳ በአንድ ጊዜ የሚገባ ቡድን ከስምንት ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። መኳንንት ለአንድ ወር ከአስጎብኚነት ታገደ። ሲሀም ደግሞ እስከ ቀጣዩ መስቀል እንግዳ እንዳታመጣ ታዘዘች። ሲሀም እጅ ነሥታ «ተቀብያለሁ» አለች። ተነሥታ ልትሄድ ስትል ጋሼ ወዳጆ ጠሯት።

«እንግዳ አታምጪ ነው የተባልሽው። አንቺ አትምጪ ያለሽ የለም። ክረምት ላይ ጉሙ በየቀኑ ነው የሚወጣው፤ ያኔ ነይና ከእኛ ጋር ጥበቃ ዙሪ። አገሩን በጉም ሳታውቂው አውቀዋለሁ አትበይ።»

በሐምሌ መጣች። አባቷ ወፍራም ካፖርት ገዝተው ሰጧት፤ «ምን ሥራ አለሽ በዚህ ጭቃ» ማለታቸውን ግን አልተዉም። በመጀመሪያው ቀን ጉሙ ከገደሉ አፍ ብቅ ሲል ሣሩ ላይ ተቀመጠችና መነሣት አቃታት። መኳንንት አጠገቧ ተቀምጦ በራሱ ካፖርት ተጠቅልሎ ጠበቃት። ትንሽ ቆይቶ «ነፋሱ በየት ጉንጭሽ ነው የሚመታሽ?» አላት።

«በግራ።»

«እንግዲህ ገደሉ በግራ ነው። ተነሺ።»

ተነሣችና ከፊት ሆና መራችው።